የእትዬ ተራ

«በባዶ እጇ አውራ ጣቶቿን እንዲህ እንዲህ ስታደርግ በዓይኔ በብረቱ ነው ያየኋት» አለች የእትዬ ወንድም ሚስት፣ ከኮምፔርሳቶው ግድግዳ ማዶ። «ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ፣ ብቻዋን ቁጭ ብላ። አንዳንዴ ደግሞ የሆነ ነገር የሚያሳድዳት ይመስል ሰውነቷን ወደ ቀኝ ዘንበል ታደርጋለች።»

እትዬ ቀሚሷን እስከ ትከሻዋ እንዳጠለቀች ቀጥ ብላ ቆመች። ክፍሏ ድሮ የሳሎኑ ጥግ ነበር። ወንድሟ ቤቱን የገዛ ጊዜ «ላንቺ የራስሽ ክፍል» ብሎ በኮምፔርሳቶ ከልሎ ሰጣት። አልጋና ቁምሳጥን ከገቡበት በኋላ ሰው የሚዞርበት ቦታ አልተረፈም፤ መስኮት ግን አለው፣ እትዬም ስለ መስኮቱ ብላ ሌላውን ሁሉ ይቅር ብላዋለች። ኮምፔርሳቶ ደግሞ ምስጢር አያውቅም፤ እዚህ ያስነጠሰውን ይማርህ የሚለው እዚያ ማዶ ያለው ነው። ባልና ሚስቱ ይህንን ረስተውት ይሁን ወይም ጆሮዋም ደክሟል ብለው፣ ብቻ ድምፃቸውን እንኳ ዝቅ አላደረጉም። ሚስትየዋ ፋርማሲስት ናት፣ የበሽታ ምልክት ስትቆጥር አፏ ላይ ይጣፍጣል። የመርሳት በሽታ ሲጀምር እንዲህ ነው አለች፤ ጣት ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ወደ ልጅነቱ ይመለሳል። «አንሶላ ስቀይር ትራሷ ሥር ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የጌም ማስታወቂያ። የልጆች ጌም! ጥንቸል ያለበት።»

ወንድሟ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። እትዬ ዝምታውን ታውቀዋለች። ከልጅነቱ ጀምሮ የማይወደውን ነገር ሊያደርግ ሲል መጀመሪያ ዝም ይላል። «የባንክ ካርዷን ከቡፌው መሳቢያ አንስቼ ኪሴ ከትቼዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «አንዱ አጭበርባሪ አታሎ ገንዘቧን ሳያራግፋት። ማታ ትንሿ እህቴም ትምጣና ቁጭ ብለን እንነጋገር። ሐኪም ዘንድ መቼ እንደምንወስዳትም እንወስናለን።»

መጀመሪያ የመጣባት ንዴት አልነበረም፣ እፍረት ነበር፤ ገላዋን ስትታጠብ በር የከፈቱባት ያህል አፈረች። ንዴቱ የመጣው ቀሚሷን ጎትታ ካወረደች በኋላ ነው። አርባ ዓመት በመርፌና በክር ያገኘችውን ገንዘብ፣ ፊደል ያስቆጠረችው ልጅ ኪሱ ከተተው!

ፋርማሲስቷ በሽታ ያለችው ነገር ታዲያ እንዲህ ነው። እናታቸው ስትሞት እትዬ ትምህርቷን አቋርጣ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀጠረች። ከልብስ ሰፊው ቀጥሎ ጌም ቤት ነበር፤ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና ላብ ላብ የሚል ጨለማ። በምሳ ሰዓት ዳቦዋን እየገመጠች ትገባና ሳንቲሟን ከፍላ ቀይ ጫማ ያደረገውን ጥንቸል ታዘልለው ነበር። ጨዋታው ሌላ ጥበብ የለውም። ጥንቸሉ ይሮጣል፣ ገደል ይዘላል፣ ከኋላው እየፈረሰ የሚከተለውን ድልድይ ይሻገራል፤ ከወደቀ አንድ ነፍስ ይቀነስበታል። የቤቱ ሕግ አንድ ነበር፤ ነፍስ እስካለህ ድረስ ተራው ያንተ ነው፣ ነፍስህ ሲያልቅ ጆይስቲኩን ያለ ክርክር ለሚቀጥለው ታቀብላለህ። ጎረምሳው ቢያጉረመርም፣ የባለ ሱቁ ልጅ ቢቆጣ፣ ሕጉ ንቅንቅ አይልም። በዚያ ዘመን ለእትዬ ሕጉ የማይነቃነቅ ቦታ ያ ብቻ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ታናሽ ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ «እትዬ፣ ራበን!» ብሎ ቢጮህ ቤቱ በሳቅ አውካካ። እሷም ገና ነፍስ እያላት ጆይስቲኩን ለቀጣዩ አቀበለችና ወጣች። ማንም አትመለሺ አላላትም፣ እንዲያው በዚያው ቀረች። ባለፈው ሰሞን ነው እንግዲህ በአንድ ሱቅ መስኮት ያንኑ ጥንቸል ያየችው፤ ፊቱን አሳምረው፣ ጫማውን ወልውለው፣ መዳፍ ውስጥ በሚገባ መጫወቻ ላይ እንደ አዲስ አውጥተውታል። ማስታወቂያውን ለምና ወሰደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጣቶቿ የድሮውን ዝላይ ያስታውሱ እንደሆነ በባዶ እጇ ትፈትናቸዋለች። ጣት ደግሞ አይረሳም፣ ለልብስ ሰፊ ይህ አዲስ ወሬ አይደለም።

ሳሎን ስትወጣ ሻይ ተቀድቷል። ወንድሟ ከብርጭቆው ቀና ሳይል ደህና አደርሽ አላት። ሚስቱ ዳቦውን ወደ እሷ ገፋ አደረገችና ድምፅዋን ከፍ፣ አነጋገሯን ዘግየት አድርጋ «እትዬ፣ ዛሬ ቀኑ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?» ስትል ጠየቀቻት።

«የሥራ ቀን ነው» አለች እትዬ። «እንዳይረፍድብሽ።»

እነሱ ሲወጡ የቡፌውን መሳቢያ ከፈተችው። ያለቁ የባትሪ ድንጋዮች፣ የመብራት ደረሰኞች፣ የተሰበረ መነጽር። ካርዱ የለም። እንደሌለ እያወቀችም እጇን እስከ ጥግ ሰደደችው።

የእትዬ የሥራ ቦታ የአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ነው። ሰዎች ከላይ ሲወርዱ ኮቴያቸው ራሷ ላይ ይሄዳል። አንድ ሲንጀር፣ አንድ አምፖል፣ አንድ መስታወት፣ የክር ሣጥን። የዚያን ቀን መጀመሪያ የያዘችው የአንድ የጥበቃ ሠራተኛ ሱሪ ነበር፣ ዚፑን ልትቀይር። ሰፍታ ስትጨርስ ሳበችው፤ ዚፑ በግልባጩ ገብቷል። እንዲህ ያለ ስህተት የጀማሪ ነው። እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ዚፑን አየችው። የወንድሟ ሚስት እውነቷን ከሆነስ? የሚረሳ ሰው መርሳቱን በምን ያውቃል? በመስታወቱ ውስጥ አየት ያደረገችው ፊት ያው የእሷ ነበር፤ ደከም ያለ፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ የወረደ። ከዚያ ግን ጥርሷን ነክሳ ስፌቱን መተርተር ጀመረች። የተናደደ ሰው ዚፕ ይገለብጣል፣ ይህ በሽታ ከሆነ ሰፈሩ በሙሉ ሆስፒታል መተኛት አለበት አለች ለራሷ። ዚፑን ልክ አድርጋ መልሳ ሰፋችው፣ ሱሪውን ተኮሰችና ለባለቤቱ ሰጠችው፤ ከዚያ በጠራራ ፀሐይ ሱቋን ዘጋች። እላይ ያሉት የቢሮ ሠራተኞች ሰው ሞተባት እንዴ ተባባሉ።

ወንድሟ የመድን ድርጅት ሠራተኛ ነው። መስታወት ካለው መስኮት ኋላ ተቀምጦ የተጋጩ መኪኖችን ጉዳይ ይቀበላል። እትዬ አንድም ቀን መሥሪያ ቤቱ ገብታ አታውቅም። በሩ አጠገብ ያለውን የወረፋ ማሽን ስትጫን ወረቀት ተፋላት፣ ይዛው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወንድሟ አላያትም፣ አንገቱን ደፍቶ ማህተም ይመታል። መጥራት ትችል ነበር፤ የታላቅ እህት ድምፅ መስታወት ይበሳል። ግን የሰው ተራ መንካት አልወደደችም። ግራዋ የተቀመጠው ባለ ታክሲ ስለተሰበረ ፍሬቻው ያወራታል፣ ቀኟ ያለችው እመጫት ልጇን ታጠባለች፤ እትዬም ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ብዙ ጠበቀች። ያቺ የጌም ቤቱ አግዳሚ ወንበር ትዝ አለቻትና ሳቅ አመለጣት። ቁጥሯ ሲጠራ ተነስታ ወረቀቱን በመስታወቱ ቀዳዳ አሾለከችው።

ወንድሟ ቀና ሲል ደንግጦ ተነሳ። «እትዬ! ምን ተፈጠረ? ቤት ሰላም ነው?»

«ቤት ሰላም ነው። ካርዴን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

ግራና ቀኙን ገላመጠ። ወደ ቀዳዳው ጠጋ ብሎ «ማታ እናወራለን፣ አሁን ሰው እየጠበቀ ነው» አላት በሹክሹክታ።

«አይቻለሁ፣ እኔም ስጠብቅ ነበር። ወረቀቴ ያው ፊትህ ነው።»

«ላንቺው ብዬ እኮ ነው፣ እትዬ።»

«ለእኔ ብለህ ከሆነ ለእኔ ስጠኝ።»

ከኋላዋ ማጉረምረም ተጀመረ። እመጫቷ «የሰው ካርድ ይዘው ነው እንዴ የሚያጉላሉት!» አለች፣ ድርጅቱ የያዘባት መስሏት። ባለ ታክሲው የቆየ ቂም ነበረው መሰል ብድግ አለ። «ወንድም፣ ስጣቸውና እንቀጥል! እናትህ የሚሆኑ ሴትዮ!» ከወንድሟ አጠገብ ያለችው የሥራ ባልደረባው ብዕሯን ይዛ ዞረች፣ ከውስጥ ያለው አለቃ በመጋረጃው አንገቱን ብቅ አደረገ። ወንድሟ ጆሮው ድረስ ቀላ። እጁን ኮቱ ኪስ ከተተ፣ ካርዱን አወጣና በቀዳዳው አሾለከላት፤ አሳዘናትም። ያሳዘናትን ያህል ግን እጇ አልዘገየም። ካርዱን በቦርሳዋ ውስጠኛ ኪስ አስቀመጠች፣ ዚፑን ሳበችና ሁሉም እንዲሰማ «እግዜር ይስጥልኝ፣ መስተንግዷችሁ ግሩም ነው» ብላ ወጣች። ባለ ታክሲው እንዳሸነፈ ሰው አጨበጨበላት።

ጥንቸሉን ያየችበት ሱቅ በሁለት የሞባይል መጠገኛዎች መካከል የተጨመቀ ነው። ሻጩ ራሰ በራ፣ ወደ ሃምሳ የተጠጋ ሰው ነው፤ እትዬ መጫወቻውን በጣቷ ስታሳየው «ለልጅ ልጅዎ ነው፣ እናት?» አላት። የለኝም፣ ለራሴ ነው አለችው። ሰውየው ዋጋውን ነገራት፤ የደረጃው ሥር የአንድ ወር ኪራይ ይሆናል። ከዚያም መስታወቱ ላይ በክርኑ ተደገፈና ድምፁን ቀነስ አደረገ። ነጋዴ ቢሆንም ሆዱ ውስጥ ነገር ማስቀረት የማይችል ዓይነት ነበር።

«እውነቱን ልንገርዎት? አያዋጣም። እኔም በዚህ ጥንቸል ነው ያደግሁት። ይኸው እንደ ገና ሠራነው ይላሉ፤ የሠሩት ሥዕሉን ማሳመር፣ ሙዚቃውን በቫዮሊን ማስጮህ ነው። ጨዋታው በግማሽ ቀን ያልቃል። ድሮ የተጫወተው ሰው ገዝቶ ያዝናል፣ ያልተጫወተው ደግሞ ይሰለቻል። የድሮው ከሆነ ያማረዎት ስልክዎ ላይ በነፃ እጭንልዎታለሁ።»

«ልዘናታ! ገንዘቡም የኔ፣ ሐዘኑም የኔ» አለች እትዬ። «ስልክ ደግሞ መስታወት ነው። ጣት የት እንዳለ በምን ያውቃል? እስቲ አውጣውና ልሞክረው።»

ሰውየው እየሳቀ ከፍቶ ሰጣት። እንደ ሳሙና ቀለል ያለ ነው፣ ቁልፎቹ የሸሚዝ ቁልፍ ያህላሉ፣ ጠርዛቸው ይዳሰሳል። ጥንቸሉ ብቅ አለ። ወፍሯል። ፀጉሩ አንድ በአንድ ይታያል፣ ሰማዩም ከልክ በላይ ሰማያዊ ነው። አዘለለችው፤ ዝላዩ ከድሮው ከበድ፣ ዘግየት ይላል፤ ጣቷ የሚያውቀውን አመነችና የመጀመሪያው ገደል ውስጥ ወረወረችው። ሰውየው ያለው እውነት ነው፣ ትንሽ አዘነች። ግን ጥንቸሉ አልሞተም። ከገደሉ ሥር ነጭ ደመና መጥቶ አዘለው፣ በቀስታ ወደ ነበረበት መለሰው። እንደገና ሲወድቅ እንደገና ደመናው መጣ። ሦስተኛ ሲደግማት መጫወቻውን አወረደችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማገዣ ነው። ሰው እንዳይናደድ ብለው ነው የጨመሩት። አሁን ማንም አይወድቅም።»

«አጥፋልኝ።»

«እናት፣ ያለ እሱ ይከብዳል።»

«ስወድቅ ልውደቅ! ምን አገባው?» አለች፣ ሱቁን እስኪሞላ። ከአጠገባቸው ስልክ የሚያሠራው ሰው ዞር ብሎ አያት። ንዴቷ ለሻጩ እንዳልሆነ ሻጩም የገባው መሰለ፤ ከማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ደመናውን አጠፋላት። ቀጥላ ስትዘል ጥንቸሉ ገደል ገባ፣ ነፍሱም አንድ ተቀነሰች። ያ የድሮ የውድቀት ድምፅ፣ ምንም ቫዮሊን ያልገባበት፣ እንደ ነበረ ነበር። እትዬ ፊቷ በራ። «አሁን ልክ ነው። ጠቅልልልኝ» አለችው።

አመሻሹ ላይ ቤት ስትገባ ሳሎኑ ችሎት መስሏል። ታናሽ እህቷ ከሥራ በቀጥታ መጥታ የእጅ ቦርሳዋን ሳታወርድ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ወንድሟ መስኮቱ ጋ ቆሟል። ሚስቱ ሻይ ቀድታለች፣ ግን የነካው የለም። እትዬ ደህና አመሻችሁ ብላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ የፕላስቲክ ከረጢቱን ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠችና መጫወቻውን ከካርቶኑ አወጣችው። ሦስቱም ያዩት እንደ ፈንጂ ነው። ታናሽ እህቷ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ «እትዬዬ፣ የሚያስጨንቅሽ ነገር ካለ ለምን አትነግሪንም?» አለች። ወንድሟ ስለ መሥሪያ ቤቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ከተነፈሰ ካርዱን ለምን እንደወሰደው ሊናገር ነው።

ያዳነቻቸው ፋርማሲስቷ ናት፣ ክፉ ሰው አይደለችም። መጫወቻውን አገላብጣ አየችው፣ አሰበች፣ ፊቷም ፈካ አለ። እንዲህ ያለው ነገር ለጣት መገጣጠሚያ እንደሚረዳ፣ ማስታወስንም እንደሚያበረታ የሆነ ቦታ አንብባለች። «በቃ እንደ መድኃኒት እንቁጠረው» አለች። «ጠዋት ትንሽ፣ ማታ ትንሽ። ሰው ቢጠይቅም ሐኪም አዞላት ነው እንላለን።» ወንድሟ በረጅሙ ተነፈሰ። ታናሽ እህቷም እንባዋን ጠርጋ «አዎ፣ እንደ መድኃኒት!» አለች። ቤቱ ውስጥ እርቅ ወረደ። እትዬ አንገቷን ብትነቀንቅ ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያው ያልቅ ነበር፤ ሻዩ ይጠጣል፣ ካርዱ ይረሳል፣ እሷም ከነገ ጀምሮ መድኃኒቷን የምትወስድ የተወደደች በሽተኛ ትሆናለች።

«አይደለም» አለች እትዬ።

«ምኑ?» አለ ወንድሟ።

«መድኃኒት አይደለም። ማንም አላዘዘልኝም። ጌም ነው፣ የገዛሁትም ደስ ስለሚለኝ ነው። ጣቴንም አላመመኝም፣ ጭንቅላቴንም አላመመኝም። ሰው ከጠየቃችሁ እህታችን ጌም ትወዳለች በሉ።» ወደ ወንድሟ ሚስት ዞረች። «ምልክቱን ያየሽው እውነትሽን ነው፣ እየዘለልኩ ነበር። አንሶላዬን ግን ከእንግዲህ ራሴ እቀይራለሁ።» ወደ ወንድሟም ዞረች። «አንተም ቡፌው ውስጥ ያለውን የኔን ነገር አትንካ። ሲርበኝም ሲያመኝም እጄን ኪስህ አልከተትኩም።»

ሚስትየዋ እንደ መቅላት ብላ ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመረች፣ እህትየዋ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። እትዬ መነጽሯን አስተካክላ መጫወቻውን ከፈተችው፣ ጥንቸሉም መሮጥ ጀመረ። ወደቀ። እንደገና ጀመረችው፣ ወደቀ። በየውድቀቱ «ኤዲያ!» ትላለች፣ ትስቃለች፤ በዚህ ቤት ጮክ ብላ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነው። ቀስ በቀስ ጣቷ አዲሱን ዝላይ ለመደው። ከባድ ነው፣ ዘግየት ይላል፣ እሷም እንደዚያው ናት፤ ቀደም ብሎ መነሳት ብቻ ነው። ገደሉን ተሻገረች። የሚፈርሰው ድልድይ ላይ ስትደርስ ሰውነቷ ሳታዝዘው ወደ ቀኝ ዘንበል አለ።

ወንድሟ ከመስኮቱ መቼ እንደመጣ አላየችም። ከኋላዋ ቆሞ በትከሻዋ ላይ ያያል። ድልድዩ ከጥንቸሉ እግር ሥር እየተናደ፣ ጥንቸሉ ሊያመልጥ እየተፈናጠረ፣ ወንድሟ ትንፋሹን ይዞ ነበር። «ይሄን አውቀዋለሁ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በሩ ላይ ሆኜ አየው ነበር። ያን ቀን... ስጠራሽ ድልድዩ ላይ ነበርሽ።»

«ድልድዩ ላይ ነበርኩ» አለች እትዬ፣ ዓይኗን ሳታነሳ።

ወንድሟ ከምግብ ጠረጴዛው ወንበር ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠ፣ ቀን ማህተም ሲመታ የዋለ እጁን ዘርግቶ «እስቲ እኔ አንዴ ላሻግርልሽ» አላት።

እትዬ መጫወቻውን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

«ገና ነፍስ አለኝ» አለችው። «ተራህን ጠብቅ።»